ካርዱን ከመምረጤ በፊት ፓወር ሰፕላዩን ማየት ነበረብኝ

የመጀመሪያውን የጌም ኮምፒውተሬን አዲስ አበባ ውስጥ የገጣጠምኩት እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሠራሁት ስህተት ግራፊክስ ካርዱን (የጌሙን ምስል የሚሠራውን ክፍል) በስሙ፣ ፓወር ሰፕላዩን (ከሶኬት የመጣውን መብራት ቀይሮ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ደግሞ በተረፈኝ ገንዘብ መምረጤ ነበር። ለካርዱ ሦስት ሳምንት ሙሉ የፍጥነት ንጽጽር ስመለከት ከረምኩ፤ ፓወር ሰፕላዩን ግን ከኬዙ ጋር አብሮ የመጣውን፣ በጎኑ «500 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን፣ አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ ተቀበልኩ። ካርዴ 185 ዋት ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሬ 65 ዋት የተጻፈበት ነው፣ እንግዲህ ከግማሹ አያልፍም ብዬ ተማመንኩ።

የገዛሁት አርኤክስ 580 የተባለ ያገለገለ ካርድ ነበር። ኢተሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ መረብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በግራፊክስ ካርድ ማዕድን የማውጣቱን (በስሌት አዲስ ዲጂታል ገንዘብ የማግኘቱን) ሥራ ካቆመ በኋላ ለዚያ ያገለግሉ የነበሩ ካርዶች በየአገሩ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ፈስሰው ነበርና፣ የእኔም ካርድ ከእነዚያ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ቤት ወስጄ ጂፒዩ-ዚ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ስመረምረው ግን ሌላ ጉድ ወጣ፤ ዋናው አርኤክስ 580 የስሌት ክፍሎቹ 2304 ሲሆኑ የእኔው 2048 ብቻ ነበሩት። ይህ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቻይና ገበያ በዚያው ስም የወጣው፣ በአቅሙ ግን ከአርኤክስ 570 ጋር የሚስተካከለው ዓይነት ነው። ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ የሸጠልኝ ለማለት አልችልም፤ እኔ ግን ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዤ ሄጄ እዚያው ሱቁ ውስጥ አምስት ደቂቃ ባጠፋ ኖሮ ዋጋውን ለማስቀነስ በቂ ምክንያት ይኖረኝ ነበር። አሁን ያገለገለ ካርድ ለማየት ስሄድ ፍላሹ ከኪሴ አይጠፋም።

ይህም ሆኖ ካርዱ ይሠራ ነበር። ችግሩ የጀመረው ከባድ ጌም ስከፍት ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ከተጫወትኩ በኋላ ስክሪኑ ድርግም ይልና ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይነሣል። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ የስህተት መልእክት የለም። ወደ ባለሙያ ወሰድኩት፤ እንደ ልማዱ ዊንዶውሱን ፎርማት አድርጎ መለሰልኝ። በዚያው ምሽት እንደገና ጠፋ። ሁለተኛው ባለሙያ «ካርዱ ተቃጥሏል» አለኝ፤ እኔም ለጥቂት ቀናት አምኜው ከሻጩ ጋር መጨቃጨቅ ጀምሬ ነበር።

እውነቱን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን የጌሙን ፍጥነት በሰከንድ በ60 ምስል ስገድበው ኮምፒውተሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ቆየ፤ ገደቡን ባነሣሁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። በዊንዶውስ የክስተቶች መዝገብ ውስጥም የቀረው ምልክት «ከርነል ፓወር 41» የሚለው ብቻ ነበር፤ ትርጉሙም ሥርዓቱ በወጉ ሳይዘጋ መቋረጡን ከመናገር አያልፍም። ካርዱ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ላይ የቀለም ነጠብጣብ ወይም የተሰባበረ ምስል ይታይ ነበር። ሥራ ሲበዛበት ብቻ፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ የሚጠፋ ማሽን ግን መጀመሪያ ሊጠረጠርበት የሚገባው ኃይል የሚያቀርብለት ዕቃ ነው።

ኬዙን ከፍቼ የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በትኩረት አነበብኩት። በሰንጠረዡ ውስጥ የ3.3 ቮልት፣ የ5 ቮልትና የ12 ቮልት መስመሮች ለየብቻ ተዘርዝረዋል፤ በ12 ቮልቱ ሥር የተጻፈው 18 አምፔር ነው። 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ይሆናል። ግራፊክስ ካርድና ፕሮሰሰር ኃይላቸውን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚወስዱት ከዚህ የ12 ቮልት መስመር ነው፤ ሌሎቹ መስመሮች ዛሬ ብዙ ሥራ የላቸውም። ስለዚህ በትልቁ የተጻፈው 500 የሚለው ቁጥር ለእኔ ካርድ ትርጉም አልነበረውም፤ በእጄ የነበረው የ216 ዋት ዕቃ ሲሆን፣ እኔ ደግሞ በስሌቴ 250 እጠይቀው ነበር። በዚህ ላይ ካርዶች ለሚሊ ሰከንድ ቅጽበት ከተጻፈላቸው በላይ ብዙ ኃይል ይስባሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢንቴል ያወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው መመዘኛ ለትላልቅ ካርዶች የሚሠሩ ፓወር ሰፕላዮች ለ100 ማይክሮ ሰከንድ የአቅማቸውን እጥፍ እንዲሸከሙ የሚጠይቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

አውቄም ወዲያው አልቀየርኩትም። ገንዘብ አልነበረኝምና ፍጥነቱን እየገደብኩ ለብዙ ወራት ተጫወትኩ። ከዚያም አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ኮምፒውተሩን ከዲቫይደሩ ሳልነቅለው ቀርቼ ኖሮ፣ እንደ ርችት የሚጮህ ድምፅ ተሰማና ቤቱ በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተሞላ። ፍሪጅ እስኪረጋጋ ድረስ ነቅሎ መጠበቅን እናቴ ከልጅነቴ ጀምራ አስተምራኛለች፤ ኮምፒውተር ግን ያው ዕቃ መሆኑ አልታየኝም ነበር። ፓወር ሰፕላዩ ሲሞት ማዘርቦርዱን (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ) ይዞት ሄደ። ካርዱ ተረፈና ሸጥኩት፤ ለገዢውም 2048 መሆኑን ነግሬ ነው የሸጥኩት።

የሞተውን ፓወር ሰፕላይ ከፍቼ ስመለከተው ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ነበረው። ይህ ማብሪያ ርካሽና አሮጌ አሠራር ያለው ዕቃ መሆኑን ከሚያሳብቁ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ዘመናዊዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ማንኛውንም ኃይል ራሳቸው አስተካክለው ስለሚቀበሉ ማብሪያ አያስፈልጋቸውም። በእኛ አገር በ220 ቮልት መስመር ላይ አንድ ልጅ ያንን ማብሪያ ወደ 115 ቢገፋው ዕቃው በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል።

ለሁለተኛ ጊዜ ስገጣጥም፣ ማለትም በ2024 መጨረሻ፣ ሥራውን ከግድግዳው ሶኬት ጀመርኩ። መልቲሜትር ተውሼ ለአንድ ሳምንት ጠዋት፣ ማታና እኩለ ሌሊት ላይ ለካሁ። ሰው ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት የምሽት ሰዓት ወደ 190 ሲወርድ፣ ሰፈሩ ሲተኛ ደግሞ ከ230 ሲያልፍ አየሁ። የምገዛው ፓወር ሰፕላይ ይህን መውጣትና መውረድ የሚችል እንዲሆን ወሰንኩ፤ ካርዱ ቀጥሎ መጣ።

ዶላሩም ጉዳዩን አክብዶት ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 መጨረሻ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ አዲስ ካርድ ከሱቅ መግዛት ለእኔ የማይታሰብ ሆነ። ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለገና ሊመጣ ስለነበር ካርዱን እሱ እንዲያመጣልኝ ተስማማን። እሱም ደግነቱ በዝቶ «ጓደኛዬ ያገለገለ አርቲኤክስ 3080 ካርድ በርካሽ ይሸጥልሃል፣ እሱን ላምጣልህ» አለኝ። ለሁለት ቀን እንቅልፍ ነሣኝ። ግን 3080 ብቻውን 320 ዋት የሚወስድ ካርድ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩን፣ ዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየውን ዕቃ) እና የኬዙን አየር ማስወጫ ሁሉ ከእርሱ ጋር ማሳደግ ነበረብኝ። ሞኒተሬ ደግሞ ባለ 1080 ፒ የምስል ጥራት ብቻ ነው፤ ያን ያህል ካርድ አያስፈልገውም።

በመጨረሻ ሦስት ካርዶች ቀሩ። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ሆኖ 170 ዋት ይወስዳል፤ አርኤክስ 6600 ባለ 8 ጊጋባይት፣ 132 ዋት ነው፤ አርቲኤክስ 4060 ደግሞ ባለ 8 ጊጋባይት፣ 115 ዋት ሲሆን ሲወጣ ዋጋው 299 ዶላር ነበር። ልቤ ወደ 3060 ያደላ ነበር፣ ምክንያቱም አዳዲስ ጌሞች ጥራታቸው ከፍ ሲደረግ 8 ጊጋባይት እየጠበባቸው መጥቷል። በተጨማሪም 4060 ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ16 ሳይሆን በ8 የመረጃ መስመር ነው፤ የእኔ ማዘርቦርድ ደግሞ ያገለገለ ቢ450 የተባለ ዓይነት ስለሆነ ፒሲአይ 3.0 የተባለውን የቆየውንና ዘገምተኛውን የግንኙነት ደረጃ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ ካርዱ የታሰበለትን ግማሽ መንገድ ብቻ ያገኛል። የካርዱ ሜሞሪ እስካልሞላ ድረስ ይህ ብዙም አይታወቅም፤ ሲሞላ ግን ጌሙ መንገጫገጭ ይጀምራል። ይህን ሁሉ አውቄ 4060ን መረጥኩ። በ3060 እና በእርሱ መካከል ያለው የ55 ዋት ልዩነት መብራት በሚመላለስበት ቤት ለእኔ ከ4 ጊጋባይት ሜሞሪ ይበልጥ ነበር። የተረጋጋ መብራት ያለው ሰው 3060ን ቢመርጥ አልከራከረውም።

ፓወር ሰፕላዩን እዚሁ ገዛሁት፤ ከሁለት ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት በሰው ሻንጣ ማስያዝ አሳፈረኝ። ስሌቴ እንዲህ ነበር፤ ለካርዱ 115፣ ለፕሮሰሰሩ ለጥንቃቄ 90፣ ለማዘርቦርድ፣ ለራም፣ ለዲስክና ለማራገቢያዎች 50፣ በድምሩ 255 ዋት። የገዛሁት ግን 650 ዋት ነው። ሻጩ ራሱ ሳቀብኝና «450 ይበቃሃል ወንድሜ» አለኝ፤ በስሌት ትክክል ነው፣ እውነተኛ 450 ቢሆን ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን መደርደሪያው ላይ ካሉት ውስጥ የ12 ቮልት መስመሩ 54 አምፔር፣ ማለትም 648 ዋት ተብሎ በግልጽ የተጻፈበት፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበልና ከመጠን በላይ ለሆነ ቮልቴጅ፣ ለአጭር ዙርና ለሙቀት መከላከያ ያለው ያ አንዱ ብቻ ነበር። የ80 ፕላስ ጎልድ ምልክትም አለው፤ ይሁን እንጂ ይህ ምልክት የሚናገረው ስለ ብክነት ብቻ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ከቆጣሪው ከሚወስደው ኃይል ምን ያህሉን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ ይነግረናል እንጂ፣ መብራት ሲመለስ ስለሚመጣው ምት የሚለው ነገር የለም። በወር የሚያድንልኝም ገንዘብ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ የሚያልፍ አይመስለኝም።

ስንገጣጥም ሁለት ነገሮች ላይ ከባለሙያው ጋር ተከራከርኩ። የካርዱ ባለ 8 ፒን ገመድ አጭር ሆኖበት ከመሳቢያው የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ አወጣ። ጫፉ ልክ ይገባል፤ ነገር ግን በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የገመዶች አደራደር በየአምራቹ ስለሚለያይ 12 ቮልቱ በማይገባው ፒን ሊመጣ ይችላል፤ እንቢ አልኩ። ከዚያ ከሳታ (ለዲስክ ኃይል ከሚሰጠው) ገመድ ወደ 6 ፒን የሚቀይር ማስተላለፊያ አቀረበልኝ። የሳታው ጫፍ በ12 ቮልት የሚሸከመው 54 ዋት ሲሆን፣ ከ6 ፒን ካርድ ሊጠይቅ የሚችለው 75 ዋት ነው፤ ባለ 8 ፒኑ ደግሞ 150። ቀልጠው የተጣበቁ ጫፎች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻ ገመዱን ከማዘርቦርዱ ጀርባ ማዞሩን ትተን በፊት ለፊት አሳለፍነው፤ አያምርም፣ ግን ደረሰ።

ያላሰብኩት ችግር ከዩፒኤሱ መጣ። የድሮው ዩፒኤሴ 650 ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ተብሎ ቢጻፍበትም ከጀርባው 360 ዋት ይላል፤ ለ255 ዋት ይበቃል ብዬ ነበር። መብራት ሲሄድ ግን ዩፒኤሱ ቀጭ ይልና ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል። ርካሽ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚሰጡት የኤሌክትሪክ ሞገድ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው፤ የአዳዲሶቹ ፓወር ሰፕላዮች መግቢያ ደግሞ ለስላሳ ሞገድ ጠብቆ የተሠራ ስለሆነ አንዳንዶቹ አይስማሙም። ንጹሕ ሞገድ የሚሰጥ ባለ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ እስክገዛ ድረስ አራት ወር ቆየሁ፤ ዋጋውም ከፓወር ሰፕላዩ በለጠ። ይህን ወጪ መጀመሪያ ላይ ከስሌቱ ውስጥ አስገብቼው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ካርዱን እንኳ ዝቅ አደርግ ነበር።

ሙቀትን በተመለከተ ብዙም የምለው የለኝም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ማራገቢያው ተጨማሪ መሥራት ይኖርበታል፤ ምሽቱ ቀዝቃዛ መሆኑ ግን ይክሰዋል። የሚጎዳው አቧራው ነው፤ በበጋ በየወሩ እጠርገዋለሁ።

አሁን ካርዱ በከባድ ጌሞች ላይ ስዕሉን ወደ መካከለኛ ዝቅ እንዳደርግ ያስገድደኛል፤ ስምንት ጊጋባይት መሆኑን የማስታውሰው ያኔ ነው። ማሽኑ ግን ከተገጣጠመ ወዲህ ጌም መሐል ላይ በራሱ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ካርድ ሊያስመጣ መሆኑን ነግሮኝ የትኛው እንደሚሻለው ጠየቀኝ። መጀመሪያ የፓወር ሰፕላዩን ጎን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት። በትልቁ 600 ዋት ይላል፤ በ12 ቮልቱ ሥር ያለው 17 አምፔር ነው። ገንዘቡን ገና ስላልላከ ካርዱን አቆይተን ቅዳሜ አብረን ፓወር ሰፕላይ ልናይ ተቀጣጥረናል።