ለእኛ ገና ነው

ጫጉላችንን ኒውዮርክ ለማሳለፍ የተስማማነው ገና ከሠርጉ በፊት ነው። መቼ እንሂድ የሚለው ግን ሁለት ወር አጨቃጨቀን።

እኔ ያሰብኩት ዲሴምበር 23 ሄደን 27 ለመመለስ ነበር። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ በቴሌቪዥን ያየሁት ኒውዮርክ ሁሌም የፈረንጅ ገና ላይ ነው። መብራት፣ በረዶ፣ ያ ሮክፌለር ሴንተር የሚቆመው ግዙፍ የገና ዛፍ። ከዲሲ በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ እኔ ደግሞ ሜሪላንድ ስድስት ዓመት ኖሬ ዛፉን አንድ ቀን ሄጄ አላየሁትም። ሥራ ነዋ።

ሚስቴ ነርስ ናት። ሆስፒታል የሚሠራ ሐበሻ ይህቺን ዘዴ ያውቃታል፤ የፈረንጅ ገና ሲደርስ ለባልደረቦችህ ትገባላቸዋለህ፣ ጃንዋሪ 7 ሲመጣ እነሱ በተራቸው ይገቡልሃል። እሷም የ24ንም የ25ንም ፈረቃ ለሁለት ልጆች ቃል ገብታ ጨርሳለች። «ሰርዢው» ብላት አየችኝ። መልሱ አስተያየቷ ውስጥ ነበር።

ሌላው ጣጣ ጾሙ ነው። የተጋባነው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው፤ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባ። አክስቷ ነገሩን ስትሰማ «እንዴ፣ ጫጉላ በጾም?» ብላ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን። የምገባበት ጠፋኝ። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውላ ጫጉላ ማለት ሙሽሮች ከቤት የማይወጡበት ነው እንጂ ባቡር የሚሳፈሩበት አይደለም አለች። እውነቷን ነው፣ ድሮ ጫጉላ ለሙሽሮቹ የሚሠራ ጎጆ ነበር። ቢሆንም ሄድን።

መፍትሔው የመጣው ከሚስቴ ነው። አንድ ሌሊት ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ «ዛፉ መቼ ነው የሚነሳው?» አለችኝ። አየሁት። አብዛኛውን ጊዜ እስከ ጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ይቆያል። «በቃ፣ በገና ማግስት እንሂድ። ለፈረንጆቹ አልፏል፣ ለእኛ ግን ገና ነው!» አለችና በራሷ ቀልድ ሳቀች።

የሆቴሉን ዋጋ ሳይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ለፈረንጅ ገና ሳምንት በሌሊት 460 ዶላር ያየሁት ክፍል፣ ለጃንዋሪ 8 በ175 ተቀምጧል። ያው ክፍል፣ ያው አልጋ። ኒውዮርክ ከአዲስ ዓመት በኋላ እንደ ድካም ነገር ይይዛታል፤ ቱሪስቱ ይሄዳል፣ ብርዱ ይብሳል፣ ዋጋው ይወርዳል።

የሚቀር ነገር ግን አለ፣ አልዋሽም። የትልልቆቹ ሱቆች የመስኮት ማስዋቢያ ተነስቷል። ብራያንት ፓርክ ያሉት የበዓል ሱቆች ተዘግተዋል። ብሩክሊን ዳይከር ሃይትስ የሚባል ሰፈር አለ፣ ሰዎቹ ቤታቸውን በመብራት ያሳብዱታል፤ እሱም በአብዛኛው ጠፍቷል። እነዚህን ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ፣ በሥራ ቀን ይሂድ። ዛፉ ብዙውን ጊዜ የሚበራው ከታንክስጊቪንግ፣ ማለትም ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ከሚውለው የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ቀጥሎ ባለው ረቡዕ ስለሆነ ይደርስበታል። በፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማ ታይምስ ስኩዌር ሄዶ እኩለ ሌሊት ላይ የምትወርደውን የመብራት ኳስ ማየትን ግን ለጠላቴም አልመክር። ከቀትር ጀምሮ አጥር ውስጥ መቆም፣ ቦርሳ ክልክል፣ ሽንት ቤት የለም፣ ከወጣህ ቦታህ ሄደ። ሙሽራ ይዞ!

ገናን ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቷ ቤት ዋልን። የሠርግ ወር ጥር የገባ መሰለኝ፣ የሠርጉ ዘመድ ሁሉ እንደገና መጣ። በማግስቱ ጠዋት ባቡር ልንሳፈር ስንወጣ አክስቷ በር ላይ ቆማ ዶሮ ወጥ በፕላስቲክ ዕቃ፣ በፌስታል፣ ከዚያ በሌላ ፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። እንጀራውንም ለብቻ። «እትዬ፣ ሆቴል ነው እኮ የምናድረው» ብላት «ሆቴል ዶሮ አለ?» አለችኝ። ያዝኩ።

ሁለት ፌስታል የበርበሬን ሽታ አይችልም። ባልቲሞር ሳንደርስ ፊት ለፊታችን ያለው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ዞሯል። ሆቴሉ ደግሞ ክፍሉ ከመጥበቡ የተነሳ ሻንጣ ለመክፈት አንዳችን አልጋ ላይ መውጣት ነበረብን፤ መስኮቱ የሚያየው ግድግዳ ነው። ማይክሮዌቭ የለም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለውን ልጅ ለመንኩት፣ ከጀርባ ሠራተኞቹ የሚጠቀሙበት ላይ አሞቀልኝ። ይዤ በአሳንሰር ስወጣ አንዲት ሴትዮ ከየትኛው ምግብ ቤት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልጋው ላይ ፎጣ አንጥፈን፣ እንቁላሏን ለሁለት ከፍለን በላን። እስከ ዛሬ የጫጉላችን ምርጥ እራት የቱ ነው ብትሉኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ዛፉ። ሮክፌለር ሴንተር ስንደርስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነበር። ዲሴምበር ላይ ሰው ሰውን እየገፋ የሚያልፍበት ቦታ ነው፤ ያን ምሽት ቆመን ለማየት ቦታ ነበረን። መብራቱ ከ50,000 በላይ ነው። የመጀመሪያውን ዛፍ ያቆሙት በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1931፣ በዚያ የድህነት ዘመን፣ ሕንጻውን ይሠሩ የነበሩት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ስድስት ሜትር ገደማ ነበር፣ ዓመታዊ ልማድ የሆነው ደግሞ ከ1933 ጀምሮ ነው። እሷ ጃኬቷ ላይ ነጠላዋን ጣል አደረገች። ፎቶ ያነሳችን ልጅ «ለጥቂት ደረሳችሁ፣ ገና እኮ አልፏል» ስትለን፣ ሚስቴ ፈጠን ብላ «የእኛ ትናንት ነበር» አለቻት። ልጅቷ ቀልድ መሰላት።

ዛፉ ሲነሳ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? ከፈረንጆቹ 2007 ጀምሮ ጣውላ እየሆነ ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ለሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል፣ ቤት ይሠራበታል። ይህን ስነግራት «እኛስ መቼ ነው ቤት የምንገዛው?» አለች። አፌን መዝጋት ነበረብኝ።

ቀሪዎቹ ቀናት እንዲሁ አለፉ። ቅዳሜ የስታተን አይላንድን ጀልባ ተሳፈርን፤ ነጻ ነው፣ 25 ደቂቃ ይሄዳል፣ ሲሄዱ በቀኝ በኩል ከቆሙ የነጻነት ሐውልቷ ትታያለች። የበረንዳው ንፋስ ግን ፊት ይልጣል፤ አንድ ጓንት ለሁለት ተካፍለን ቆምን። ብራያንት ፓርክ የበረዶ መንሸራተቻው አልተዘጋም ነበር። ጫማ ተከራየን። እሷ ሁለት ዙር ሄደች፣ እኔ አጥሩን ይዤ ቀረሁ።

እሁድ ዕቃ ስንሸክፍ የአክስቷ ፕላስቲክ ከሻንጣው ወጣ፤ አጥባዋለች፣ ክዳኑ ግን አሁንም ቀይ ነው። «ባዶውን አንመልስም» አለች። ወደ ባቡሩ ስንሄድ ጥግ ላይ ካለ መጋገሪያ ስድስት ቤግል፣ ያን ቀለበት የመሰለ ዳቦ፣ ገዛን። አራቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ገባ። ሁለቱን ባቡር ላይ በላናቸው።