ስንቅ
ዛሬ ሆድ ብሶኝ ነው የዋልኩት። ምክንያት የለውም። ክረምቱ ይሆናል። የትንሿ ልጄ ልብስ ገመድ ላይ ከርሞም አልደረቀም፤ ቤቱ ጠረኑ ሁሉ እርጥብ ነው።

ረፋዱ ላይ ደመናው ገለጥ ሲል እማዬ እጇን ዘረጋች። «አምጫት፣ ፀሐይ ላሙቃት፤ አጥንቷ ይጥና።» እትዬ ደግሞ ከበሩ ላይ ሆነው «ኧረ ምች ይመታታል! ዓይንስ ቢሆን?» አሉ። ሁለቱ ሲከራከሩ እኔ የጠብታዋን ብልቃጥ ይዤ ቀረሁ።

ልጄ ያለ ቀኗ ስለተወለደች ከገባንበት የማሞቂያ ክፍል የወጣን ቀን ነርሷ «እናት፣ ይቺን በየቀኑ፣ እንዳትረሺ» ብላ የሰጠችኝ ናት። ቫይታሚን ዲ፣ በቀን 400 ዩኒት። ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ በስልክ ፎቶ አንስቼ አጉልቼ ነው ያነበብኩት። ደግሞም መነበብ አለበት። አንዱ ምርት 400ውን በአንዲት ጠብታ ይጨርሰዋል፣ ሌላው አንድ ሚሊ ሊትር ሙሉ ይፈልጋል። ብልቃጥ ቀይራ በለመደችው ልክ የምትሰጥ እናት ምን እንደሚገጥማት አስቡት።

ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ስንቁን ሳይዝ መንገድ የገባ ነው። ሆድ ውስጥ ሳለ ቫይታሚን ዲውን ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል ያገኛል። አጥንት የሚሠራበት ካልሲየምና ፎስፈረስ ደግሞ አብዛኛው የሚገባለት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። የእኔዋ እነዚያን ወራት ማሞቂያ ውስጥና ደረቴ ላይ፣ ነጠላ ሥር ተለጥፋ ነው ያሳለፈችው። የጡት ወተት እንኳ ቫይታሚን ዲው እዚህ ግባ አይባልም። ይሄን ስሰማ ከፍቶኝ ነበር፤ ጡት ሁሉም ነገር አለው ሲሉን አልነበር?

«ደሟ ይለካልኝ» ብዬ ዶክተሩን ነዝንዤው ነበር። «ጠብታውን ብቻ እንዳታቋርጪ» አለኝ። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት ሳጠባ ስልኬን እጎረጉራለሁ። በደማቸው ያለው ቫይታሚን ዲ ዝቅ ያለባቸው፣ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት የመተንፈስ ችግርና ኢንፌክሽን ይበዛባቸዋል ይላል። ነገር ግን ማነስ ነው ያሳመማቸው ወይስ ቶሎ መወለዳቸው ሁለቱንም አመጣባቸው? ሐኪሞቹም በዚህ አልተስማሙም። ለአጥንት መጥቀሙ ላይ ግን ክርክር የለም።

ከሁሉም የገረመኝ የኛው አገር ነው። የ13 ወር ፀሐይ እያልን ቱሪስት ስንጠራ የኖርነው እኛ! እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት አለ፤ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ዎቹ ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ እጥረት የልጆች አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ ነበረባቸው። ሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ግን 20ዎቹ ብቻ። የጎድን አጥንት ከለሰለሰ ደረት እንዴት አድርጎ አየር ይስባል? ፀሐዩማ ደጅ ነበር። ልጆቹ ናቸው በጋቢ ተጠቅልለው ቤት የዋሉት። በመስታወት የሚገባውም ሙቀት እንጂ ቫይታሚን አይሰጥም፤ የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። የማለዳዋ ለስላሳ ፀሐይም ብትሆን ያ ጨረር እምብዛም የላትም።

እሺ፣ ልጅቷ ከእኔ ወሰደች እንበል። እኔስ ከየት አመጣሁ? እርጉዝ ሆኜ ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ሰልፍ፣ ቀኑን ሙሉ የቢሮ አምፖል ሥር፣ ማታ በጨለማ ቤት። እሑድ ደግሞ መጋረጃ ዘግቶ መተኛት ነው። በእርግዝና ክትትሉ ደሜ ለስንት ነገር ተቀድቷል፤ ለዚህ ግን ማንም አልለካኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አሁን ለሰፈሩ እናቶች ሁሉ ስለ ጨረር የማስተምረው እኔ ነኝ።

ለመሆኑ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ቋ ቋ የሚለው ከመቼ ጀምሮ ነው?