«ወንድም እኮ ይይዘዋል»

የላብራቶሪ ሰው ነኝና፣ ከአዲስ አበባ የምርመራ ኪት ይዘው ጎንደር ክሊኒካችን የሚመጡ ወኪሎችን ለምጃቸዋለሁ። እስክሪብቶና ካላንደር ያድላሉ፣ ዶክተሩን ፒያሳ ወስደው ማኪያቶ ይጋብዛሉ፣ ከዚያ ወደ አዘዞ ኤርፖርት። ይኼኛው ግን እስካሁን ያበሽቀኛል፤ ስለዋሸ አይደለም፣ የወኪል ነገር ነው። አንዷ አነጋገሩ እውነት ስለነበረች ነው።

ይዞ የመጣው የጡት ካንሰር ራፒድ፣ ፈጣን የደም ምርመራ፣ ነበር። ካሴት በምትባል ትንሽ ፕላስቲክ ላይ አንድ ጠብታ ሲረም (የደም ውሃ)፣ ሁለት ጠብታ በፈር የሚባል ፈሳሽ፣ ትንሽ መጠበቅ፤ ካሴቷ መሥራቷን ከምታሳየው የኮንትሮል መስመር ጋር ሁለት መስመር ከወጣ ፖዘቲቭ። የሚፈልገው ዕጢውን ሳይሆን ሰውነት በዕጢው ላይ የሚያመርተውን አንቲቦዲ፣ ያውም ሴልን ከካንሰር የሚጠብቀው ፒ53 የሚባል ፕሮቲን ላይ የሚነሣውን ነው። ሐሳቡ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የተበላሸ ፒ53 በዕጢው ሴል ውስጥ ሳይወገድ ይከማቻል፤ መከላከያችንም የገዛ ራሱን ፕሮቲን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይነሣበታል። ከጡት ካንሰር ታማሚዎች ሲረም መገኘቱ በ1982 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጤነኛ ሰው ላይ ደግሞ እምብዛም አይታይም። ወኪሉ ይቺን የመጨረሻዋን በቃሉ ይዟታል፤ «ስፔሲፊሲቲውን እዩት!» እያለ ብሮሹሩን በጣቱ ይመታል፤ ጤነኛውን ኔጌቲቭ ማለቱን ነው። ሴንሲቲቪቲው፣ ታማሚውን መያዙ፣ ከታች በደቃቃ ፊደል ነው።

«ከመቶ ስንቷን ይይዛል?» አልሁት።

«ብራዘር፣ ይኼ እኮ ማሞግራፊ ከማሳየቱ በፊት ነው የሚያሳየው።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ካንሰሩ ያለባቸው መቶ ሴቶች ቢመጡ ስንቷ ላይ መስመር ይወጣል?»

«ይለያያል።»

ይለያያል! የ1982ቱ ሥራ ያገኘው ከመቶ 9 ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ከፍ ቢያደርጉትም ብዙዎቹ ሩብ አይደርሱም። ሙክ1፣ ኸር2ና ሌሎች የዕጢ ፕሮቲኖች ላይ ከሚነሡት ጋር ተደርቦ ሲለካ እንደሚሻሻል አውቃለሁ፤ የሱ ካሴት ግን ከኮንትሮሏ ሌላ ያላት አንድ መስመር ናት። አውቶአንቲቦዲ፣ ሰውነት በገዛ ራሱ ላይ የሚያመርተው አንቲቦዲ፣ ዋጋ የለውም እያልሁም አይደለም። አንቲ-ዮ የሚባለው አለ፦ ሴትዮዋ ድንገት መራመድ ይቸግራታል፣ አነጋገሯ ይንተባተባል፣ አንቲቦዲው ሲገኝ ጡቷና ማሕፀኗ አካባቢ ይፈተሻል፣ ብዙ ጊዜ ማንም ያላወቀው ዕጢ ይገኛል። እዚያ ወረቀቱ «ፈልጉ» ነው የሚለው። ይኼኛው ግን 9ኟን ይዞ 91ዷን «ኔጌቲቭ» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት አስጨብጦ ወደ ቤት ይሸኛል። ይህንኑ ለክሊኒካችን ባለቤት ለዶክተር በካልኩሌተር አሳየኋቸው። ዶክተር ካልኩሌተሩን ተቀበሉኝና የካሴቱን መግዣና መሸጫ አሰሉበት።

ኪቱ ገና ሳይገዛ ፖስተሩ ተለጠፈ። በማግሥቱ ጠዋት አንዲት እናት ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው መጡ።

«ተቆላ ድባ ነው የመጣሁ። ጡትን በደም ያዩታል አሉኝ፤ ልብስ ሳያስወልቁ።»

ወኪሉ ቀና ብሎ አየኝ። ለዚህስ መልስ አልነበረኝም። «ልብስ ሳያስወልቁ» የምትለዋ ብሮሹሩ ላይ የለችም፤ ግን ከብሮሹሩ ሁሉ የበለጠች መሸጫ እሷ ናት። እብጠቷን ሸሽጋ ከርማ ቆዳው ሲቆስል ብቅ የምትለው ሴት፣ ባለማወቅ ብቻ አይደለም የምትዘገየው፤ «ማን ፊት ልገለጥ?» ብላም ነው።

ሲስተር ግን እጇን ታጥባ፣ መጋረጃውን ስባ፣ እንደ ልጃቸው እያጫወተች ዳበሰቻቸው። ስትወጣ ጓንቷን እያወለቀች፣ «ግራው ላይ፣ ወደ ብብት ጠጋ ብሎ። ደረቅ ነው፣ ስገፋው አይሄድም» አለች። ዶክተር ለአልትራሳውንድና ለኤፍ.ኤን.ኤ.፣ ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ለመውሰድ፣ ሪፈር ጻፉላቸው።

«እዚሁ ቢሠራላቸው እኮ ኮንፈርም ይሆን ነበር» አለ ወኪሉ።

«ኔጌቲቭ ቢወጣስ?» አለችው ሲስተር። «ሪፈሩን ልቅደድላቸው?»

ወኪሉ ስልኩን ነካካ። ዶክተር ይህን ሁሉ ሰምተው «ቢሆንም» አሉ። «ቢሆንም ማዘዙ አይከፋም።»

እኔም ወደ ፍሪጁ ሄድሁ። ኪቶቻችንን ለመፈተሽ ከምናስቀምጣቸው ሲረሞች ውስጥ አር.ኤፉ (ሩማቶይድ ፋክተሩ) እጅግ ከፍ ያለች አንዲት ቱቦ አለች፤ መገጣጠሚያቸው ያበጠ የአንድ አዛውንት ናት። ስም የለባትም፣ ቁጥርና «ወ» ብቻ። አር.ኤፍ. ራሱ አውቶአንቲቦዲ ነው፤ ሥራው ሌላ አንቲቦዲ መያዝ ስለሆነ ራፒድ ላይ የውሸት መስመር ሊያወጣ እንደሚችል የላብራቶሪ ሰው ያውቀዋል። ከሷ አንድ ጠብታ ወስጄ ካሴቷ ላይ ጣልሁ። መጀመሪያ የኮንትሮሏ መስመር ወጣች። ቆይቶ ከጎኗ አንዲት ፈዛዛ ሮዝ መስመር ዳር ዳር ስትል ቆየችና ቁርጥ ብላ ቆመች።

«ፖዘቲቭ!» አለ ወኪሉ፤ ፊቱ በራ። «አየህ አይደል? ቶሎ ይጠሩና ይታዩ።»

«የሰባ ዓመት ወንድ ናቸው።»

ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። «ወንድም እኮ ይይዘዋል» አለ።

ይይዘዋል! ከመቶ የጡት ካንሰር አንዱ ገደማ ወንድ ላይ ነው፤ ምን ልበለው? ክርክሩን ሙሉ አንድም ጥያቄ በትክክል ያልመለሰ ሰው፣ ትክክል የሆነባት ብቸኛ ቦታ ይቺ መሆኗ ነው የሚያናድደኝ። ዶክተር ግን ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ሽማግሌውን ጡት አስያዝከኝ» እያሉ ካርቶኑን ራሳቸው አንሥተው አስታቀፉት፤ ፖስተሩም ወረደ።

91 ሴት ያላሳመነቻቸውን ዶክተር አንድ ሽማግሌ አሳመነልኝ። ያውም በማይረባው ነጥብ፤ እንደዚያች ያለች ሲረም ብዙ ደኅና ካሴት ታሳስታለች፣ ወኪሉም ሥራውን ቢያውቅ ኖሮ ይህንኑ ብሎ ይረታኝ ነበር።

እሱ ያላሰባትን ሲስተር አሰበቻት። ወኪሉ ከወጣ በኋላ መደርደሪያችንን፣ ቀኑን ሙሉ የምንሸጠውን የኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) እና የታይፎይድ ራፒድ፣ ከላይ እስከ ታች አየችና፣ «እንዴ፣ የኛዎቹስ በዚችው ቱቦ ቢሞከሩ?» አለች።

ዶክተር ሳቃቸውን አቆሙ። «ሲስተር፣ ውጭ ሰው ይጠብቃል» አሏት። ወደኔም ዞረው፣ «አንተም ቱቦዋን መልስ።»