አንዲት ዲስኬት ለሦስት ሽማግሌ ኮምፒውተሮች

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከቤት መውጣት ቀንሻለሁ። ባሕር ዳር ሲዘንብ እንዴት እንደሚዘንብ ታውቃላችሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተደርድረዋል፦ ዊንዶውስ 98 የተጫነበት ፒሲ፣ አታሪ 1040 እና አሚጋ 1200። ሁለቱን ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ነው ያመጣልኝ። አሚጋው ላይ በክራር ድምፅ የሠራሁት አጭር ዜማ አለ። እሱን በአንዲት ዲስኬት፣ በዚያች የድሮ ጠፍጣፋ ፋይል መያዣ፣ ብቻ ሦስቱም ጋ ማድረስ ፈለግሁ።

«ፍላሽ ጠፍቶ ነው?» አለችኝ እናቴ። መልስ አልነበረኝም።

መጀመሪያ ያደከመኝ ቀዳዳ ነው። ያሉኝ ዲስኬቶች 1.44 ሜጋባይት የሚይዙት ናቸው። አታሪውና አሚጋው ደግሞ የድሮውን ዝቅተኛ አቅም ያለውን ዓይነት ብቻ ነው የሚያውቁት። ሁለቱም ዲስኬቷን ያለ ቅሬታ ተቀበሉ፣ ጻፉባትም። ፒሲው ግን ፎርማት አልተደረገችም ብሎ ድርቅ አለ። ዲስኬቷን ገልብጣችሁ እዩ፤ ሁለት ጥግ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። አንዱ መዝጊያ አለው፤ እንዳይጻፍባት የሚከለክለው ነው። ሌላው ክፍቱን ነው። የፒሲ ድራይቭ ይህን ክፍት ቀዳዳ ሲያገኝ 1.44 ናት ብሎ በእጥፍ ፍጥነት ሊያነብ ይነሳል። ሌሎቹ ቀዳዳውን ከነመፈጠሩም አያዩት።

መድኃኒቱ ናስትሮ ነው። ትንሽ ቁራጭ ክፍቱ ቀዳዳ ላይ በሁለቱም ፊት ለጥፎ በጥፍር ጫን፣ ጫን። ጠርዙ ከተነሳ ድራይቭ ውስጥ ይቀራል፤ እኔ በወረንጦ ነው ያወጣሁት። ቀድሞ በ1.44 የተጻፈባት ዲስኬት ደግሞ አሮጌው ጽሑፍ በደንብ ስለማይጠፋላት አታስተማምንም። አዲስ ካላችሁ አዲሷን ስጡ።

ቀጥሎ፣ ማን ፎርማት ያድርጋት? ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው ይገባዋል። ጸሐፊው ቀለም ሳይነካ በፊት ብራናውን በወስፌ ያሰምራል። ፎርማትም ያው ማስመር ነው። ሦስቱም ማሽኖች ዲስኬቷን በሁለት ፊት፣ በየፊቱ 80 ትራክ (ክብ መስመር) አድርገው ይከፍሏታል። ፒሲው በአንድ ትራክ ላይ 9 ሴክተር (ቁራጭ) ያሰምራል፤ 720 ኪሎባይት ይወጣዋል። አሚጋው በሴክተሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት አጥብቦ፣ ትራኩን ሙሉ ባንዴ እየጻፈ፣ 11 ያስገባል፤ 880 ይሆናል። ጎበዝ ነው፤ ግን የፒሲው ድራይቭ ያን አሰማመር አያነበውም።

አታሪው እንደ ፒሲው 9 ያሰምራል፣ የፋይል አያያዙም አንድ ነው። ስለዚህ እሱ ፎርማት ያድርጋት አልኩ። ፒሲው አሁንም እምቢ! ለካ ዶስ (የፒሲው የቆየ ሥርዓተ ክወና) የመጀመሪያው ሴክተር መነሻ ላይ የሚጠብቃቸው ጥቂት ባይቶች አሉ፤ የቆየው ቶስ (የአታሪው ሥርዓተ ክወና) አይጽፋቸውም። ከ1.04 ጀምሮ ተስተካክሏል። የእኔው 1.02 ነው፣ ዕድሌ።

እና ፎርማቱን ለፒሲው ሰጠሁት፣ በዶስ፣ 720 ብዬ። አታሪው ወዲያው አነበባት። ለአሚጋው አንድ ነገር ይቀራል፦ ወርክቤንች (የአሚጋው ሥርዓተ ክወና) ከ2.1 ጀምሮ የፒሲ ዲስኬት የሚያስነብበው ክሮስዶስ የሚባል ነገር ይዞ ይመጣል። ስቶሬጅ በሚለው ማህደር ውስጥ ዶስድራይቨርስ የሚለውን ከፍታችሁ ፒሲ0 ላይ ሁለቴ ክሊክ አድርጉ። ያው ድራይቭ በሌላ ስም ብቅ ይላል።

ዜማውን ስገለብጥ መብራት ሄደ። ሲመለስ ፋይሉ ስሙ አለ፣ ልኩ ዜሮ ነው። ደግሜ ፎርማት። በሁለተኛው ቀን ስሙንም አሳጠርኩ፤ ዶስ ከ8 ፊደልና ከ3 ፊደል ቅጥያ በላይ አይወድም። አሚጋው ስሙ ፊት ላይ የሚለጥፋትን «ሞድ» የምትል የዜማ ፋይል ምልክት ወደ ኋላ አዞርኳት።

ፒሲው ላይ ዜማው ጥርት ብሎ ወጣ። አታሪው ግን የድምፅ ቺፑ የተቀዳ ድምፅ ለማጫወት የተሠራ አይደለም፤ ፕሮግራሙ እየታገለ ነው የሚያወጣው። እናቴ ከማድ ቤት ሰምታ፣ «ክራሩን ጉንፋን ይዞታል» አለች።