ካስማ የማይገባበት ሰፈር

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከኛ ሦስተኛ ቤት ያሉ እናት አረፉ። ንጋት ላይ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ደብረ ብርሃንን በዚያ ወር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ለቀልድ አይደለም፣ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። ጋቢያችንን ደርበን ወጣን። ልጆቹ ድንኳኑን ከዕቃ ቤት አመጡ፣ ምሰሶውን አቆሙ፣ ሸራውን ዘረጉ። ከዚያ አንዱ ልጅ በአንድ እጁ ካስማ በሌላው መዶሻ ይዞ ቆመ። የሚመታበት አፈር የለም።

መንገዱ አዲስ ነው። መሀሉ አስፋልት፣ ዳርና ዳሩ እስከ አጥሩ ድረስ ንጣፍ። ያምራል፣ አልዋሽም፣ ሲሠራም ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ግን ካስማ አያስገባም። በመጨረሻ አንዱን ገመድ ከመብራት ምሰሶ፣ አንዱን ከጎረቤት የብረት በር፣ የቀረውን አሸዋ ከሞላንበት ማዳበሪያ ጋር አሰርነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ድንኳኑ ለቀስተኛው ላይ ሊወርድ ለጥቂት ተረፈ። ከተማው ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ነው፣ ነፋሱን የሚይዝለት ነገር የለም።

ከአስፋልቱ በፊት ኮብልስቶን ነበር። ነዋሪው አዋጥቶ ያስነጠፈው። እሱ ላይ ችግር አልነበረም፣ ድንጋዩ የሚቀመጠው አሸዋ ላይ ስለሆነ ካስማ ሲተከል አንድ አንዱን ድንጋይ ነቅለን እናስቀምጣለን፣ ሠልስት ወጥቶ ድንኳኑ ሲነሣ ቦታው እንመልሰዋለን። ማንም አላዘዘንም፣ ሁሉም ግን የትኛው ድንጋይ እንደሚነቀል ያውቅ ነበር።

ይሄ ሁሉ ስለ ካስማ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ስለ ካስማ ነው። እኛ አገር የከተማ ፕላን ሲወራ 30፣ 30፣ 40 የሚባል ነገር አለ። ከመሬቱ 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ። ወረቀቱ ላይ ክፍት ቦታ አልተረሳም ማለት ነው። እኔ የምለው ክፍቱ ቦታ ለማን ነው የተከፈተው? ባየኋቸው ብዙ ቦታዎች አረንጓዴ ማለት በብረት ታጥሮ፣ አበባ ተተክሎበት፣ «ሣሩን አትርገጡ» የሚል የተለጠፈበት ነው። ለመኪና መስኮት የተሠራ ነው የሚመስለው። ልጅ አይጫወትበት፣ ሽማግሌ አይቀመጥበት፣ ድንኳን አይተከልበት።

አንድ ጊዜ የፕላን ውይይት ተብሎ ተጠርተን ሄድን። ሕጉም ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይወያይበት ይላል። ግድግዳው ላይ ካርታ ተሰቅሏል፣ ቢጫው መኖሪያ ነው፣ ቀዩ ንግድ ነው እየተባለ ተነገረን። የእድራችን ዳኛ እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ድንኳን የምንተክልበት በየትኛው ቀለም ነው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ገለጻ የሚያደርገው ልጅም ሳቀ፣ ክፉ ልጅ አይደለም፣ መልስ ግን አልነበረውም። «እንይዘዋለን አባባ» አለና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ከድንኳኑ ሌላ ፀሐይም አለች። እዚህ ብርድ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሽማግሌዎችና አራሶች ወደ ምሥራቅ የዞረ ግድግዳ ፈልገው ፀሐይ ይሞቃሉ። የሰፈር ወሬ የሚወራው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ ገበያ ምን ሆነ የሚባለው እዚያ ነው። የኛ ግድግዳ ፊት ለፊት ባለ አራት ፎቅ ሲቆም ጥላው እስከ አራት ሰዓት ተኩል ግድግዳው ላይ ይቆያል። ሰዎቹ ለሁለት ተከፈሉ፣ ገሚሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሄደ፣ ገሚሱ ቤቱ ቀረ። ከቀሩት መካከል አንድ አባት ሦስት ቀን ታመው ማንም ሳያውቅላቸው ቆይተዋል። ፎቁ አይሠራ አላልኩም። ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ቢል ኖሮ ግን ምን ነበረበት?

ከተማው መለወጡ አይቀርም። አፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ ቤተ መንግሥታቸውን እዚሁ አድርገው የተቆረቆረ ከተማ ነው፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ መሀሉን ሰንጥቆት ያልፋል፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ቢራ ፋብሪካዎቹ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰው ይስባሉ። የድሮውን አወድሼም አልሞትም። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀበሌ የሆኑት ግቢዎች ውስጥ አድጌያለሁ፤ ሰባት ቤት ባንድ ሽንት ቤት፣ ባንድ ቧንቧ። ፍቅር ነበር፣ ጠብም ነበር፣ ሽታውም ነበር። ማንም ወደዚያ ልመለስ አይልም።

የሚገርመው ሕጉ ነገሩን ያውቀዋል። ለልማት ስለሚነሡ ሰዎች የወጣው አዋጅ 1161/2011 ካሣ ሲዘረዝር የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥንም ጨምሯል። ጉርብትና ዋጋ እንዳለው በነጋሪት ጋዜጣ ታውጇል ማለት ነው። ግን ያ ለሚነሣ ሰው ነው። እኛ አልተነሣንም፣ እዚያው ነን፣ ከሥራችን ያለው መሬት ነው የተቀየረው።

ኮንዶሚኒየም ሲሠራ እንኳ ኮሙናል የሚባል ቤት ታስቦ ነበር፤ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ በግ ለማረድ፣ እንጀራ ለመጋገር። ብዙ ቦታ ወይ ተከራይቷል ወይ ተቆልፏል፣ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። በየሰፈሩ አጥር የሌለው፣ አፈሩ ያልተሸፈነ፣ ሃያ በአሥር ሜትር የምታህል ባዶ ቦታ ብትቀር ይበቃናል። ሌላ ጊዜ ልጆች ኳስ ይጫወቱባት።

እስከዚያው እድራችን ባለፈው እሑድ ተሰብስቦ ካስማ የማይፈልግ የብረት ድንኳን ይገዛ ብሎ ወሰነ። በየቤቱ ተጨማሪ መዋጮ አለ፣ የተጉረመረመም አለ። ስፋቱን ስንለካው መንገዱን ሙሉ በሙሉ ይይዛል፣ ባጃጅ አያሳልፍም። የባጃጅ ልጆቹን ማን ያናግር በሚለው ላይ እየተከራከርን መሸብን፣ ለሚቀጥለው ወር አሳደርነው።