«የአምና ጎማ ነው» ተብሎ የተረከብነው

በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚቆረጠው ጎማ ነው። ነዳጅ ካልተሞላ መኪናው አይነሳም፣ ዘይት ካልተቀየረ ሞተሩ ይበላሻል፣ ጎማ ግን ጥርሱ ሙልጭ እስኪል ድረስ «ትንሽ ይቆይ» ይባላል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ የአንድ ደህና ጎማ ዋጋ ሲነገር ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ዝምታ ይሆናል።

የምሠራው ጂንካ ነው። የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶችን የሚጠግን ፕሮጀክት ውስጥ ስምሪት ላይ ነኝ። ሁለት ፒክአፕና አንድ አሮጌ ሃርድቶፕ አሉን። ከጂንካ እስከ ቀይ አፈርና ኮንሶ ድረስ አስፋልት ስለሆነ ማንም አይቸገርም። የእኛ ጉድጓዶች ግን ያሉት ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ነው። ከወይጦ ወደ አርቦሬ በኩል ሲወረድ ጠጠር አለ፣ የደረቀ ወንዝ አሸዋ አለ፣ የግራር እሾህ ደግሞ በየሜትሩ ነው። የአካባቢው ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ እሱ ሲመጣ ዋልካው ጎማ ላይ ይጠቀለልና ጥርስ ያለውንም የሌለውንም እኩል ያደርጋቸዋል።

ለፒክአፖቹ 8 ጎማ ተፈቀደ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የወጣው የግዢ መግለጫ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «265/70አር16፣ ኦል ቴሬን»። ልኩ ይህ ይሁን፣ ጥርሱም ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን ይሁን ማለት ነው። በቃ። መጀመሪያ አንድ ኃላፊ ትልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ይገዛ ብለው ነበር። ያ ሐሳብ መቅረቱ ጥሩ ሆነ። የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ በዝናብ ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። መኪኖቻችን ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሄዱት አስፋልት ላይ ነው፤ ለማመን የሚፈልግ የጉዞ መዝገቡን ያገላብጥ። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ኦል ቴሬን ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ግን ኦል ቴሬን የሚለው ስለ ጥርሱ እንጂ ስለ ገላው ምንም አይናገርም። ይህን ያነሱት ሁላችንም ጋሽዬ የምንላቸው አንጋፋው ሾፌራችን ናቸው። «ፕላዩ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ፤ የገላውን የጥንካሬ ደረጃ ማለታቸው ነው። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሄዷል ተባሉ። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ትንሹ ዋጋ አሸነፈ፣ ጎማዎቹ ጥር 2017 ላይ መጡ። ጥቁር ቅባት ተቀብተው ያበራሉ፣ ጥርሳቸው ሙሉ ነው። የንብረት መረከቢያው ደረሰኝ፣ ሞዴል 19፣ ተቆረጠ። አራቱ አንዱ ፒክአፕ ላይ ገቡ፣ አራቱ ስቶር ተቀመጡ።

መጋቢት ላይ ያ ፒክአፕ ፓምፕ፣ ኬብልና ቧንቧ ጭኖ ወደ አርቦሬ በኩል ወረደ። እኔም አብሬ ነበርኩ። የአሸዋውን ወንዝ ለመሻገር ጋሽዬ ነፋሱን ወደ 20 ፒኤስአይ አወረዱት፤ ጎማው ሰፋ ብሎ አሸዋው ላይ እንዲተኛ ነው። ተሻግረው ከመኪና ወረዱና በትንሿ መንፊያ አራቱንም ሞሉ። ቸኩለው አልፈዋል የሚባል ነገር የለም፣ ፊት ለፊቴ ነው በሜትር የለኩት። ከዚያ ጠጠሩ ላይ በዝግታ እየሄድን የኋላ ግራው ጎማ ጎኑ ተቀደደ። ድንጋዩን ወርጄ አየሁት፤ ያን ያህል ስለት አልነበረውም። ቅዳዱ ግን ከመሐል ጣት ይረዝማል። ጥርሱ ላይ የተወጋ ጎማ መንገድ ላይ ይደፈናል፣ ጎኑ የተቀደደ ግን ቱቦለስ፣ ማለትም ካላማዳሪ የሌለው፣ ከሆነ አበቃ።

ስኮርታውን ቀየርን። ስኮርታው የድሮው ጎማ ነው፣ ብዙ ሳይሄድ እሾህ ገባበት። እሱን ደፍነን፣ እየነፋን፣ እየቆምን ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ ፓምፑ የተገጠመው በማግስቱ ነው። ሴቶቹ ጀሪካን ደርድረው ጉድጓዱ ዙሪያ ውለዋል፣ ከብቶቹም ቆመዋል። ስለ ጎማ ሲወራ እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ቢሮ ውስጥ «ቁጠባ» ብለን የጻፍነውን ሒሳብ እዚያ የከፈለው ጥርሱን አይቶ የማያውቀው ሰው ነው።

ስንመለስ ጋሽዬ የተቀደደውን ጎማ ጎሚስታ ዘንድ ወሰዱት። ጎሚስታው ቅባቱን በቤንዚን ጠረገና ጎማውን በጉልበቱ አጠፍ አደረገው። በጥርሶቹ መካከልና ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ብቅ አሉ። ላስቲኩ በጥፍር ሲጫኑት አይገባም። ከዚያ በስልክ መብራት ጎኑን ዞረና ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አሳየን፦ 3516።

ስቶር ሄደን የቀሩትን አራት አየን። ሁሉም 3516። ንብረት ክፍሉ ልጅ ግራ ገባው።

«ጋሽዬ፣ እኔም ስረከብ አይቼዋለሁ እኮ። 16 ነው የሚለው። የ2016 ነው፣ የአምና።»

«የኔ ልጅ፣ ጎማ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። የፈረንጅ ነው።»

ልጁ ዝም አለ። ትጉህ ልጅ ነው፤ ቁጥሩን መፈለጉ ራሱ ከብዙዎች ይሻላል። ግን 3516 ማለት በፈረንጆቹ 2016 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በእኛ ነሐሴ 2008 መሆኑ ነው። ከስምንት ዓመት በላይ የቆየ ጎማ እንደ አዲስ ተረክበናል። ብዙ የጎማ አምራቾች አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም ይውጣ ይላሉ። ያውም በደህና ቦታ ለተቀመጠ። የእኛዎቹ የት ፀሐይ ላይ እንደከረሙ ማን ያውቃል።

ስለዚህ በአገራችን ጎማ የምትገዙ ሁሉ፣ የቤት መኪናም ቢሆን፣ ሁለቱን የመጨረሻ ቁጥሮች ስታዩ አእምሯችሁ ወደ እኛ ዓመተ ምሕረት እንዳይሄድ። በእኛ 2017 ላይ «16» የሚል ጎማ አዲስ መስሎ ይታያል፣ «24» የሚለው ደግሞ ገና ያልደረሰ ዓመት ይመስላል። አዲሱ እሱ ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚታተም ጎማው መኪናው ላይ ተገጥሞ ውጭ በኩል ካጣችሁት ውስጥ በኩል ጎንበስ ብላችሁ ፈልጉት።

ሌላው ፕላዩ ነው። ጎኑ ላይ 112 የሚል የጭነት ቁጥር ነበረው፤ በአንድ ጎማ 1120 ኪሎ ማለት ነው። ለጭነታችን እሱ አያንስም ነበር። ችግሩ ጎኑ ስስ መሆኑ ነው፣ የአስፋልት መኪና ጎማ ነው፣ ጥርሱ ብቻ የገጠር። በዚሁ ልክ ኤልቲ (የቀላል ጭነት መኪና) የሚል ምልክት ያለውና ባለ 10 ፕላይ የሚባለው አለ፤ የጭነት ቁጥሩ 121 ነው፣ 1450 ኪሎ። 10 ፕላይ ሲባል ዛሬ አሥር ድርብ ጨርቅ አለው ማለት አይደለም፣ የጥንካሬ ደረጃ ነው። ይከብዳል፣ ባዶ መኪና ላይ ይነጥራል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ግን ድንጋይና እሾህ ባለበት ገንዘብ የሚወጣው ለዚህ ነው፣ ለጥርስ ትልቅነት አይደለም።

ስቶር ያሉትን አራቱን አቅራቢው ብዙ ከተከራከረ በኋላ መለሰልን። የተገጠሙትን «ተነድተዋል» ብሎ እምቢ አለ፣ ሞዴል 19ም ስለተቆረጠ መከራከሪያ አጣን። ጋሽዬ ሦስቱን ከአስፋልት ውጭ አላወጣም አሉ፣ ስምሪቱንም በዚያው ልክ አስተካከልኩት። አዲሱ የግዢ መግለጫ አሁን ግማሽ ገጽ ነው፦ ኤልቲ፣ 10 ፕላይ፣ የተሠራበት ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሁለት ዓመት ያልበለጠ፣ ርክክቡ ላይ ሾፌር ይገኝ። በተፈቀደው ብር ስምንት መግዛት አልተቻለም፣ አራት ገዛን። አራቱም አንድ መኪና ላይ ገቡ፤ አሮጌና አዲስ ቀላቅሎ ፎርዊል ማስገባት ዙራቸው ስለማይመጣጠን ዲፈረንሻሉን ይጎዳዋል።

ሃርድቶፑንም ሰፊ ቱቦለስ እናድርገው የሚል ጥያቄ መጥቶ ነበር። ጋሽዬ አልተስማሙም፣ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ቀጭኑ 7.50አር16 ጭቃውን ቆርጦ ወደ ጠንካራው መሬት ይወርዳል፣ ካላማዳሪው በየከተማው ይገኛል፣ ቱርሚ ላይ ያለ ጎሚስታ በመፍቻና በመዶሻ ከፍቶ ይለጥፈዋል። በዚያው ቀጥሏል።