ሚኒሞ አልይዝ ያለችው ቮልስ

ቮልሴ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ከአዲስ አበባ ገዝቼ ወደ አዳማ ባመጣኋት በሦስተኛው ሳምንት ሚኒሞ መያዝ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ ሳይጠፋ በዝግታ መዞር፣ እምቢ አለች። በወንጂ መንገድ ላይ ያለ እንከን ትሮጣለች፤ ፍራንኮ ሰፈር ደርሼ እግሬን ከቤንዚን መስጫው ሳነሣ ግን እፍ እንደተባለ ኩራዝ ድርግም ትላለች። ከኋላዬ ባጃጆች ጥሩንባ ይነፋሉ፣ እኔ ቁልፍ አዞራለሁ።

ያየልኝ መካኒክ «ወንድሜ፣ ይህ የአየር ጉዳይ ነው» አለኝ። መሠረት የለውም አልልም። አዳማ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ዝቅ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚወፍር አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ለአየሩ ያንሰዋል። የሚኒሞውን ብሎን ትንሽ ፈታ አድርጎ ሸኘኝ። ለውጥ የለም።

በማግስቱ ልጄ ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን በስሱ ረገጥ አድርጋ ያዘችልኝ፤ እኔ በካቻቢቴ ብሎኑን አጠበቅሁ፣ አላላሁ። «አባዬ፣ ድምፁ እኮ ያው ነው» አለች። ልክ ነበረች። ብሎኑ እየዞረ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ በዚያ በኩል ቤንዚን አያልፍም ማለት ነው፤ የሌለ ነገር ደግሞ አይስተካከልም። መንገድ ላይ ደህና መሄዷም ትልቁ መስመር ጤነኛ፣ የሚኒሞው ጠባብ መስመር ግን ዝግ መሆኑን ይናገር ነበር።

በዚህች መኪና ሶሌክስ ካርቡሬተር ላይ ቁልፍ ሲዘጋ የሚኒሞን ቤንዚን የሚያቋርጥ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለ። ቁልፉን ከፍቼ ሽቦውን ነቅዬ መልሼ ሳስነካው «ቀጭ» አለ፤ እሱ ይሠራል። ቀጥዬ ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፍባትን ቀዳዳ ያለባትን ትንሽ የነሐስ ብሎን ፈታሁ። 55 የሚል ቁጥር አለባት፤ ቀዳዳዋ 0.55 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ወደ ፀሐይ አንሥቼ ባያት ብርሃን አታሳልፍም።

በሽቦ ወጋኋት። እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው። ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ሽቦው ቀዳዳውን አሰፋው፤ ቮልስ ሚኒሞ ያዘች፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ግን ጥላሸት ለበሱ፣ ቤንዚንም እንደ ውኃ ትጠጣ ጀመር። አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ።

አሥር ቀን ሳይሞላ አዲሷም ተደፈነች! አሁን ግን ሽቦውን ጣልኩና ካርቡሬተሩን ሙሉ በሙሉ አወረድኩ። ከመፍታቴ በፊት የሚኒሞው ብሎን እስኪነካ ድረስ ስንት ዙር እንደሚገባ ቆጥሬ ጻፍኩ፤ ሁለት ዙር ተኩል። ክዳኑን ስከፍት ቤንዚኑ የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ሥር እንደ በርበሬ የደቀቀ ቀይ ዱቄት ተኝቷል። ዝገት ነው። ምንጩ ካርቡሬተሩ ሳይሆን ከፊት ያለው የነዳጅ ታንክ ነበር፤ በመስመሩ ላይም ቆሻሻ የሚያጣራ አንድ ፊልትሮ የለም።

ታንኩን አውርጄ አሳጠብኩ። ካርቡሬተሩን ጎሚስታ ቤት ወስጄ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በኮምፕሬሰር አስነፋሁ። ብዙ ሰው ፊልትሮ የሚያስገባው ሞተሩ አጠገብ ነው፤ የቤንዚኑ ቱቦ ቢላቀቅ ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ይፈስሳል። እኔ ከፊት፣ ከታንኩ ሥር አስገባሁት።

ለመካኒኩ ታሪኩን ሳጫውተው አልተሸነፈም። «አየር ነው አላልኩህም?» አለኝ እየሳቀ፣ «የጎሚስታ አየር!»